ዕዳ ከሜዳ

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ባለፈው ጥር ከካውንቲው (አውራጃ እንደ ማለት ነው) ፖስታ መጣልኝ። የቤት ግብር ነው። በየዓመቱ ይመጣል። ግን ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያዬ ላይ እየቆረጠ ስለሚከፍልልኝ ፖስታውን ሳልቀደው መሳቢያ ውስጥ ነበር የምወረውረው። ዘንድሮ ወርሃዊ ክፍያዬ ጨመረ። የከፈትኩት ተናድጄ ነው።

ዝርዝሩን በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። ካውንቲው ይህን ያህል። ትምህርት ቤቶቹ ይህን ያህል፤ እሺ፣ ልጆቼም ይማሩበታል። ከተማው ይህን ያህል፤ እንዲያውም ትንሽ ነው። ከዚያ በታች በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ረጅም ስም አለ። መጀመሪያ የሰፈራችን ስም፣ ቀጥሎ «ሜትሮፖሊታን ዲስትሪክት»፣ ቀጥሎ ቁጥር። ከጎኑ ያለው ገንዘብ የከተማውን ድርሻ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ትሁት ነች፣ ግን ጥያቄው የሰለቻት ትመስላለች። ሰፈሩን የገነባው ድርጅት መንገዱን፣ የውሃና የፍሳሽ ቧንቧውን፣ ልጆቹ የሚጫወቱበትን መናፈሻ ሳይቀር በብድር እንደሠራው ነገረችኝ። ብድሩ በድርጅቱ ስም አይደለም። ለሰፈሩ ትንሽ መንግሥት የምትመስል ነገር ተቋቋመች፣ በእሷ ስም ቦንድ ተሸጠ፣ ቦንዱን የሚከፍለው ደግሞ እዚያ ቤት የገዛ ሁሉ ነው። ለብዙ ዓመት። ቤቱን ስገዛ ካስፈረሙኝ የወረቀት ክምር ውስጥ አንዱ ገጽ ይህን ይናገር ነበር አሉ። ያን ቀን ከፈረምኩት ወረቀት ብዛት የተነሳ፣ ኩላሊቴን ሸጬ ቢሆን እንኳ አላውቅም ነበር።

«ማን ፈቀደ?» አልኳት።

«መራጮች።»

«የትኞቹ መራጮች? እኔ እኮ ያኔ አልነበርኩም።»

«ማንም አልነበረም» አለችኝ፣ ምንም ሳይመስላት። «ባዶ ሜዳ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ አስቀድሞ የተዘጋጀ አባባል አለው። ዕዳ ከሜዳ። እኛ የምንለው ከየት መጣ ሳይባል ለሚመጣ ጣጣ ነው። እዚህ ግን ቃል በቃል ሆኖ አገኘሁት። ሜዳው መጀመሪያ ተበደረ፣ ሰው በኋላ መጣ። አሠራሩ በኮሎራዶ ሕጋዊ ነው። ሰፈሩ ሰው ሳይገባበት የሚመርጡት ከገንቢው ጋር የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ጥቂት ስልህ አንድ ጠረጴዛ ከበው ቡና የሚጠጡ ያህል ማለቴ ነው።

ይህ ነገር አልለቀቀኝም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። «ማንም አልነበረም» የሚለው ነው የከነከነኝ።

«ዴንቨር ነኝ»

የምኖረው አውሮራ ነው። ሰው የት ነህ ሲለኝ ግን ዴንቨር እላለሁ። ሁላችንም እንዲያ ነን። ሐቫና ጎዳና ላይ ክትፎ የበላ፣ ኮልፋክስ ላይ እንጀራ የገዛ፣ እሁድ ጠዋት እዚሁ አውሮራ ያስቀደሰ ሰው፣ አገር ቤት ሲደውል «ዴንቨር ነኝ» ነው የሚለው። አውሮራ ብንል ማን ያውቀዋል? በፈረንጆቹ 2020 ቆጠራ 386,261 ሰው የተቆጠረባት፣ በሕዝብ ብዛት ከኮሎራዶ ሦስተኛ የሆነች፣ ሦስት ካውንቲ ላይ የተንጣለለች ከተማ ነች። እኛ ግን ሰፈር አድርገናታል።

እናቴ ናዝሬት ነው የምትኖረው። ወይም አዳማ። እሷ ናዝሬት ትላለች፣ የእህቴ ልጆች አዳማ ይላሉ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ከተማ አለ። አዳማ የአውሮራ እህት ከተማ እንደሆነች አንድ ጊዜ ነግሬያት ነበር። እዚህና እዚያ ያሉ ሰዎች ተፈራርመው እህትማማች አድርገዋቸዋል። «እህትማማች ከሆኑ ምነው አይጠያየቁም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከስልኩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወደ ከተማው የታሪክ ሙዚየም ሄድኩ። ስንት ዓመት በበሩ ሳልፍ ገብቼ አላውቅም። በጎ ፈቃደኛ የሆኑ አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ተቀበሉኝ። ከተማዋ መጀመሪያ አውሮራ እንዳልነበረች የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ፍሌቸር ነበር ስሟ። በመሥራቿ ስም።

«ለምን ተቀየረ?» አልኳቸው።

«ሰውዬው የውሃ ዕዳ ጥሎባቸው ሄደ» አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት። የግብር ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነው።

ያልተጣመመውን ማቅናት

ወደ ፍሌቸር ከመግባቴ በፊት ግን «ማንም አልነበረም» የሚለውን ልጨርስ፤ ምክንያቱም ውሸቱ ከእሱ ይጀምራል።

አውሮራ ያለችበት ሜዳ የአራፓሆና የሻየን ሕዝቦች አገር ነበር። በ1851 የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በፎርት ላራሚ ውል ላይ አምኖ ጽፎታል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1858፣ የቼሪ ክሪክ ወንዝና የሳውዝ ፕላት ወንዝ የሚገናኙበት አካባቢ ወርቅ ታየ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት ወደ አንድ መቶ ሺህ ሰው ተነሳ። ከምሥራቅ ከሚመጡት መንገዶች አንዱ፣ ስሞኪ ሂል የሚባለው፣ ዛሬ አውሮራ በሆነው መሬት ላይ ነው የሚያልፈው። አጭሩ መንገድ ነበር፣ ውሃ ግን የለውም። ሰዉ «የረሃብ መንገድ» ይለው ነበር። ዛሬ ስሞኪ ሂል ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ሦስት ደቂቃ ስንቆም እንሳደባለን።

በ1861 ውሉ ተቀየረና የአራፓሆና የሻየን መሬት ወደ ትንሽ ቁራጭ ተሰበሰበ። የፈረሙት ጥቂት አለቆች ናቸው፤ ያልፈረሙት ብዙዎች «እኛን አይወክልም» አሉ። (እዚህ ላይ በስልክ የሰማሁት «መራጮች» የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ።) ኅዳር ወር 1864 ኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የመራቸው ወታደሮች ሳንድ ክሪክ ላይ የሰፈረውን የሻየንና የአራፓሆ መንደር ጎህ ሲቀድ ከበቡ። መንደሩ ውስጥ የአሜሪካ ባንዲራ ተሰቅሎ ነበር፣ ሰላማዊ መሆናቸው እንዲታወቅ። 230 ገደማ ሰው ተገደለ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ግብሬን የምከፍለው ለአራፓሆ ካውንቲ ነው። ስማቸው ግብር ሰብሳቢ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በእንግሊዝኛ የሚጠሩበትን ቃል እኛ «አቅኚ» ብለን ነው የምንተረጉመው። ቃሉን ሳስበው ይገርመኛል። ማቅናት የተጣመመ ነገርን ቀጥ ማድረግ ነው። አገር አቀና እንላለን፣ አገሩ ጎብጦ የቆየ ይመስል። ይህ ሜዳ ደግሞ እንኳን ሊጎብጥ፣ ዓይን የሚያሳርፍበት ኮረብታ የለውም።

ለአቅኚዎቹም ግን ቀላል አልነበረም፤ ይህንን መካድ አልፈልግም። የ1862ቱ የመሬት ሕግ አምስት ዓመት ኖሮ ላረሰ ሰው 160 ኤከር ይሰጥ ነበር። በእኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። ለጋስ ይመስላል። ግን እዚህ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 40 ሴንቲሜትር አይሞላም፣ የአዲስ አበባን ሲሶ ቢሆን ነው። ዝናብ በሌለበት መሬት ብቻውን ምን ያደርጋል? በ1870ዎቹ መጀመሪያ ከአየርላንድ የመጡ የገሊ ቤተሰብ የሠሯት የእንጨት ቤት ዛሬም ዴላኒ እርሻ ውስጥ ቆማለች። ከብት ነበር የሚያረቡት። ልጆቼን ይዤ ሄጄ አይቻታለሁ። ትንሿ ልጄ በመስኮት አጮልቃ «ቧንቧው የት ነው?» አለች።

እሱ ነዋ ጥያቄው።

ሥጋ የለበሰ ይጠማል

ዶናልድ ፍሌቸር የዴንቨር ነጋዴ ነበር። ከሽሪኮቹ ጋር ከዴንቨር በስተምሥራቅ አራት ማይል ካሬ ሜዳ ሸንሽኖ ከተማ አደረገው። ወደ 26 ጋሻ ማለት ነው። ዴንቨር እያበጠች ነበር፣ መሬት በየወሩ ይጨምራል፣ ከኮልፋክስ መንገድ ዳር ቦታ የገዛ አይከስርም ይባል ነበር። የዛሬን ኢንስታግራም የሚያይ ሰው ቋንቋውን ያውቀዋል። በ1891 ቦታው በይፋ ከተማ ሆነ። ፍሌቸር ተባለ።

«በይፋ ከተማ ሆነ» የሚለው ላይ ትንሽ ልቁም፤ እኛ ከመጣንበት አገር ነገሩ እንዲህ ስላልሆነ። እኛ ዘንድ ከተማ የሚሆነው ከላይ ከተማ ነህ ሲባል ነው። እዚህ የአንድ አካባቢ ሰዎች ተሰብስበው አቤቱታ ያቀርባሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ከዚያ ቦታው የሕግ ሰውነት ያገኛል። የእንግሊዝኛው ቃል፣ «ኢንኮርፖሬሽን»፣ ሥሩ ላቲን ነው፤ አካል ማግኘት፣ ሥጋ መልበስ እንደ ማለት። ይህ ሐሳብ ለኛ ለቅዳሴ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ሥጋ የለበሰ ይራባል፣ ይጠማል። እናም ይበደራል። እስከዚያ ቀን ሜዳው ሜዳ ነው፤ ለሜዳ የሚያበድር የለም። ከተማ ሲሆን ግን ስም አለው፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፣ ቦንድ ይሸጣል፣ ያቋቋሙት ሰዎች ቢሞቱ ወይም ቢሄዱ እንኳ ዕዳው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ አካል አለው። ከተማ መሆንን እስከዚያ ቀን የማስበው በደወልና በሰንደቅ ዓላማ ነበር። ዋናው ነገር ግን መበደር መቻል ሆኖ ታየኝ።

ፍሌቸርን የጣላት ብር ነው። ብር ስል ማዕድኑን ነው። በአማርኛ ብሩም ብር፣ ገንዘቡም ብር ነው፤ ለኮሎራዶም ያኔ እንዲያው ነበር። ተራራው ላይ ያሉት የብር ማዕድን ጉድጓዶች ዴንቨርን ያቆሟት ነበሩ፣ በ1890 የወጣ ሕግ ደግሞ መንግሥት በየወሩ ብር እንዲገዛ ያስገድድ ነበር። ሰኔ 1893 እንግሊዝ የምትገዛት ሕንድ ብርን እንደ ልብ ሳንቲም አድርጎ መምታት አቆመች። ዋጋው ገደል ገባ። በሐምሌ ወር ዴንቨር ውስጥ በሦስት ቀን 12 ባንኮች በራቸውን ዘጉ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ የብር ግዢውን ሕግ ሰረዘው። ከሕንድ የተነሳ ነገር ኮልፋክስ መንገድ ዳር ቦታ የገዛ አናጢን ደረሰበት።

ፍሌቸርም ሄደ። ለከተማዋ የቀረላት ስሙና ለውሃ የተሸጠው ቦንድ ዕዳ ነው።

1907

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ያህል ከተማዋ በስሙ ስትጠራ ቆየች። ደብዳቤ ሲመጣላቸው «ፍሌቸር» ተብሎ። ልጃቸው የት ተወለደ ሲባል «ፍሌቸር»። የዕዳ ማስታወቂያው ላይም «ፍሌቸር»። አንድ ሰው ዕዳ ጥሎብህ ሄዶ፣ ዕዳውን በየዓመቱ በእሱ ስም ስትከፍል አስበው። በ1907 በቃን አሉ። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት ዓመት መሆኑ ነው። ከከተማዋ ሰፈሮች የአንዱን ስም አነሱና ከተማዋን አውሮራ አሏት።

ከሦስት ዓመት በኋላ በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሰው 679 ነው። ይህ የአንድ ትልቅ እድር አባላት ያህል ነው። እነማን ነበሩ? መሄድ የሚችል ሄዷል። የቀረው ቤቱን የሚገዛው ያጣ፣ ወይም ሽማግሌ የሚጦር፣ ወይም እልኸኛ ነው። እነዚህ ሰዎች ሦስት አማራጭ ነበራቸው ብዬ አሰብኩ። ሁሉን ጥሎ መሄድ። ሄዶ ሰውዬውን መፈለግ። ወይም ስሙን መፋቅ። ዕዳውን መፋቅ ግን አማራጭ ውስጥ አይገባም፤ ከተማ ስሙን ስለቀየረ ቦንዱ አይቀደድም። አካሉ ያው አካል ነው።

መጀመሪያ ላይ ይህን ታሪክ ሳነብ ደስ አለኝ። አበጁ አልኩ። ስሙን ቀዳደው ጣሉለት! ለጓደኞቼም እንዲያ ብዬ ነበር የተረክሁት፣ ሐቫና ጎዳና ላይ ማኪያቶ ይዘን። ሁሉም ሳቁ። አንዱ ብቻ፣ የአየር ማረፊያ ታክሲ የሚነዳው፣ «እና ማን ከፈለ?» አለ። ዝም አልን።

ማታ ለእማዬ ደወልኩላትና ይህንኑ ነገርኳት። እሷ ጭራሽ አልሳቀችም።

በእኛ ሰፈር የውሃ ቧንቧ የገባው እኔ ልጅ ሆኜ ነው። ሁሉም ቤት አዋጥቷል፤ ስም እየተጠራ፣ ደብተር ላይ እየተጻፈ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ገንዘብ ያዥ ነበር። አንድ ቀን የተዋጣውን ይዞ ጠፋ። ሰፈሩ እንደገና አዋጣ። ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ውሃ ስትቀዳ ስሙን ትጠራዋለች። የአባቱንም ትጨምራለች። ልጆቹ አግብተው፣ የልጅ ልጅ መጥቶ፣ እሷ «የቧንቧው ሌባ» ትላለች። ውሃ በጠፋ ቀንማ አይነሳ።

«ሞኞች ናቸው» አለችኝ ስለ አውሮራ ሰዎች። «ስሙን ለምን ያጠፉለታል? ስሙ ቢኖር እኮ ሰው ይረግመው ነበር።»

ይሄ ነው ነገሩን የገለበጠብኝ። እኔ ቅጣት ያልኩት ለእሷ ምሕረት ነው። እውነትም የፍሌቸርን ስም ዛሬ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? አውሮራ ውስጥ ስንት ዓመት ኖሬ አልሰማሁም። ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ፤ አንዱ «የመሳሪያ መደብር ነው?» አለኝ። ስሙን ሲፍቁ ዕዳው ከማን እንደመጣ የሚናገረውን ብቸኛ ምልክት አብረው ፋቁት። ዕዳው ባለቤት የሌለው፣ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ነገር ሆነ። የኔም ወረቀት ላይ ያለው እንደዚያው ነው። ገንቢው በስሙ አልተበደረም። የተበደረችው አበባና ወንዝ የሚመስል ስም ያላት «ዲስትሪክት» ናት። ማንን ልርገም? ወንዙን?

ስሙንም እዩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሰፈር ስም ግን በአብዛኛው የሚያወጣው መሬት ሸንሽኖ የሚሸጠው ነው። አውሮራ በሮማውያን ዘንድ የጎህ አምላክ ናት። ቆንጆ ስም፣ ለመሸጥም የሚመች። እና እነዚያ የተከዱ ሰዎች የሻጩን ስም ጥለው ያነሱት የመሸጫውን ስም ነበር። ይህን ሳስብ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ አዘንኩላቸው። ሌላ ምን ስም ነበራቸው? ከእነሱ በፊት የነበሩት ሰዎች ለቦታው ያወጡት ስም ነበር፣ እሱን የሚያውቁት ግን ተገድለዋል ወይም ተባርረዋል።

ግን ደግሞ፣ ማታ ማታ ሳወጣው ሳወርደው፣ ከእማዬ ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት አቃተኝ። እሷ ስሙን የያዘችው ሰውዬውን ስለምታውቀው ነው። አብረው ቡና ጠጥተዋል። ለልጆቿ ግን ያ ስም ምንም አይደለም፤ የእህቴ ልጆች «የቧንቧው ሌባ» ስትል ይስቃሉ። የፍሌቸር ልጆች፣ ከተማዋን ማለቴ ነው፣ ምናልባት ልጆቻቸው የባለዕዳ ስም ይዘው እንዳያድጉ አስበው ይሆናል። የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ። ዕዳውን ማውረስ ካልቀረ፣ ቢያንስ ስሙን አናውርስ ብለው ከሆነ ልፈርድባቸው አልችልም። እኔም ልጆቼን ስለ ዲስትሪክቱ አልነገርኳቸውም።

ስድሳ ዓመት የፈጀ ጥማት

የቀረውን ታሪክ በሩጫ ልለፈው፤ አብዛኛው በመኪና መስኮት የሚታይ ነው። በ1918 ጦር ሠራዊቱ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ቁስለኞች የሚያክምበት ሆስፒታል እዚህ ከፈተ። በኋላ ፊትዝሲመንስ የተባለው ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1955 ልባቸውን ሲያማቸው የተኙት እዚያ ነበር፤ ዛሬ ቦታው ላይ የአንሹትዝ የሕክምና ግቢ አለ፤ ከምናውቃቸው ሰዎች ግማሹ እዚያ ይሠራል። ከዚያ የአየር ኃይሉ ጣቢያዎች መጡ፣ በ1938 ሎሪ፣ በ1942 ባክሊ። በ1940 የከተማው ሰው 3,437 ነበር። በ1960 48,548 ሆነ።

ይህ ሁሉ ሰው ምን ይጠጣል? የዴንቨርን ውሃ። በ1951 ዴንቨር ካርታ ላይ መስመር አሰመረች፤ «ሰማያዊው መስመር» ይሉታል። ከመስመሩ ውጪ ለሚሠራ አዲስ ቤት ውሃ የለም። አውሮራ ወይ ባለችበት መቆም ነበረባት፣ ወይ የራሷን ውሃ መፈለግ። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ጋር ተሻርካ ከሮኪ ተራሮች ማዶ ያለውን ውሃ ተራራ በስታ አመጣችው። ሆምስቴክ ይባላል። ውሃው የደረሰው በ1967 ነው። ፍሌቸር ከሄደ ከሰባ ዓመት በላይ፣ ስሙ ከተፋቀ ስድሳ ዓመት በኋላ። በ1974 ደግሞ ዴንቨር ዙሪያዋን እንደ ልቧ እንዳትውጥ የግዛቱ ሕገ መንግሥት ተሻሻለ። «ዴንቨር ነኝ» የምንለው እኛ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ስልክ እናፈርሰዋለን።

ያ ውሃ በነፃ አልመጣም፤ በብድር ነው የመጣው። እዚህ ላይ ነው ቁጣዬ ትንሽ የበረደው። በብድር ያልተሠራ ቧንቧ የለም። ልጄ «ቧንቧው የት ነው?» ያለችበት ቤትና የኛ ቤት ልዩነቱ አንድ ሰው በአንድ ወቅት መበደሩ ነው። ጠዋት ሻወር ስወስድ የማላውቃቸው ሰዎች የተበደሩትን ነው የምታጠብበት። የሆምስቴክ ዕዳ ግን ፊት ለፊት ቆሞ «እኔ ነኝ የወሰንኩት» የሚል ነዋሪ ነበረው። በምርጫ ልትጥለው ትችላለህ። የኔን ዕዳ የወሰኑት ሰዎች ቤታቸው የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

አምስት ወንበር

መጋቢት ላይ የዲስትሪክቱ ስብሰባ እንዳለ አገኘሁ። ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰው በማያነበው ቦታ ነው። ሄድኩ። ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ የመጣነው አራት ነን፤ አንዷ በስህተት የገባች ነበረች፣ የዮጋ ክፍሉን ፈልጋ። አምስት የቦርድ ወንበር አለ። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ጠበቃው ወረቀት ያነብባል፣ ሌሎቹ ይስማማሉ። ሰላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የኔ የሠላሳ ዓመት ግብር በሰላሳ አምስት ደቂቃ።

መጨረሻ ላይ «ከነዋሪው አስተያየት?» ተባለ። እጄን አወጣሁ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ፍሌቸር፣ ስለ 1893። ከአፌ የወጣው ግን «ባዶው ወንበር የማነው?» የሚል ሆነ።

ጠበቃው ቀና ብሎ አየኝ። «የፈለገ ሰው» አለ። ቅጽ አለው። ራስህን ነው የምታስመርጠው፣ አንድ ምስክር ይፈርምልሃል። ቅጹን አጣጥፌ ወጣሁ።

አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ባለቤቴ ባለፈች ቁጥር ታየዋለች፣ ምንም አትልም። እሁድ ዕለት ለእማዬ ነገርኳት።

«ልትሾም ነው?» አለች፣ ደስ ብሏት።

«ሹመት እንኳ አይባልም እማዬ። ሰፈሩን የሚያስተዳድር ኮሚቴ በለው።»

«ደሞዝ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ዕዳ ነዋ» አለች። ትንሽ ዝም አለችና «ደብተሩን ማን ነው የሚይዘው?» ብላ ጠየቀችኝ።